አሥራ ሁለቱ ጎዶሎ ዓይኖች

ተድላ ቀፎ ሰቃይ ነበር። ሌላው ሰው ከሥራቸው ቆሞ ቀና ሲል ባርኔጣው የሚወድቅባቸውን የካፋ ዛፎች እሱ ቀፎውን በጀርባው አዝሎ፣ በሐረግ ብቻ ታግዞ ይወጣቸው ነበር። ጫካ ከገባ ሁለት ሳምንት፣ አንዳንዴም ሦስት ሳምንት አይመለስም። ሚስቱ አልጋነሽ «እኔ ያገባሁት ጉሬዛ ነው» እያለች ጎረቤት ታስቅ ነበር።

ከወደቀ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ነፍሱ ተርፋለች፤ ከወገቡ በታች ያለው አካሉ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ የእሱ አይደለም። ጠዋት አልጋነሽ ደግፋ ከአልጋው ወደ በግ አጎዛው ታወርደዋለች፤ ሲመሽ መልሳ ታወጣዋለች። በመካከሉ ያለው ቀን የመስኮቱ ነው። ከመስኮቱ የሚታየውም ያው ነው፤ የመንገዱ መታጠፊያ፣ አንድ የአቮካዶ ዛፍ፣ የሱቅ ጀርባ፣ ከዚያ ወዲያ ደመና የተኛበት ተራራ። እዚያ ተራራ ላይ አሥራ ሰባት ቀፎ ነበረው። አሁን ማን እንደሚቆርጣቸው አያውቅም፤ አይጠይቅምም።

እጁ ግን ደኅና ነው። ለዚህም በየማለዳው፣ ደወል ሲሰማ፣ ፊቱን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አዙሮ ፈጣሪውን ያመሰግናል። አባቱ ያስተማሩትን የቀርከሃ ሥራ ይዞ የዶሮ መሸከሚያ ቅርጫት ይሠራል። ባለባጃጁ ሀምዛ ቀርከሃውን ከገጠር ጭኖ ያመጣለታል፤ ተድላ ይሰነጥቀዋል፣ ይልጠዋል፣ እንደ ጥብጣብ አሳስቶ ይጠልፈዋል። የእሱ ቅርጫት በቦንጋ ገበያ ከሩቅ ይለያል። የጥልፉ ቀዳዳዎች፣ ዓይኖቹ ሁሉ፣ ስድስት ጎን ናቸው፤ አንዱ ከሌላው አይበልጥም፣ አያንስም፤ ልክ የማር እንጀራ። አባቱ በዚህ ነገር ቀልድ አያውቁም ነበር። «ስድስት ጎን ያልሞላ ዓይን ጎዶሎ ነው። ጎዶሎ ዓይን ያለበት ቅርጫት ከደጄ አይወጣም» ይሉና አምስት ጎን የሆነች አንዲት ዓይን ካገኙ የቀኑን ሥራ ሁሉ ያስፈቱታል። ተድላ ልጅ ሳለ ስንት ጊዜ እያለቀሰ እንደ ፈታ እግዚአብሔር ይቁጠረው።

በዚህ ዓመት ክረምቱ ሲገባ ልጁ አብርሆት ለመውለድ ከሺሺንዳ ወደ ወላጆቿ ቤት መጣች። ባሏ እዚያ አስተማሪ ነው። በሰኔ ሴት ልጅ ተገላገለች። ቤቱ ሁለት ክፍል ነው፤ አራሷ በአንደኛው፣ ተድላና ቀርከሃው በሌላው። ሕፃኗ ስታለቅስ ግድግዳው ድምፁን አያግድም።

በአርባ አምስተኛው ቀን የቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ሙሉብርሃን ጃንጥላዋን አራግፋ ገባች።

«አብርሆት፣ ሐሙስ ክትባት አለ። መርፌውም፣ ጠብታዎቹም። አንደኛው ጠብታ የተቅማጡ ነው።»

«እሱ እዚህ ቤት አይገባም» አለ ተድላ ከጥጉ።

«ጋሽ ተድላ፣ ይሄ እኮ...»

«መርፌውን ውጓት። ሌላውንም ስጧት። የተቅማጡን ጠብታ ግን እኔ በሕይወት እያለሁ የልጄ ልጅ አትቀምሰውም።»

ሙሉብርሃን አልጋነሽን አየቻት። አልጋነሽ ሰፌድ ላይ ያሰጣችውን ኮረሪማ ትለቅማለች፤ ቀና አላለችም።

«ጊዜ አለው» አለች ሙሉብርሃን ስትወጣ፣ ለአብርሆት በቀስታ። «መስከረም ሃያ አካባቢ ዕድሜዋ ያልፋል። ካለፈ ይሄኛው አይጀመርም። አባትሽን በእግዜር ብለሽ ለምኚ።»

ነገሩ የቆየ ነው። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ያ ጠብታ አዲስ በመጣ ሰሞን ተድላ ጫካ ነበር። አልጋነሽ የመጨረሻ ልጃቸውን ሳሙኤልን አዝላ ሄዳ አስቀመሰችው። በስምንተኛው ቀን ልጁን ተቅማጥ ጀመረው። ተድላ ከጫካ የተመለሰው በዚያው ዕለት ነው። ሕፃኑ የጠባውን ሁሉ ሲያወጣው አይቶ «የገባው ሁሉ እየወጣ ምን ያጠግበዋል! አታጥቢው፣ ውሃም አትስጪው፤ ሆዱ ይድረቅ» አለ። አባቱም እንዲህ ያደርጉ ነበር፤ ጎረቤቱም ትክክል ነው አለ። በሦስተኛው ቀን ሳሙኤል ሞተ። ከቀብር መልስ ተድላ ሚስቱን «አንቺ ነሽ የወሰድሽው» አላት። ሌላ ምንም አላለም። ዳግመኛም አላነሣውም። አልጋነሽም አልመለሰችለትም። ያቺ ቃል ግን ከቤቱ አልወጣችም፤ እንደ አንድ ከባድ ሙቀጫ ጥግ ይዛ ተቀመጠች፤ ሁለቱም ሲያልፉ እሷን ዞረው ነው።

አብርሆት ያን ጊዜ የአሥር ዓመት ልጅ ነበረች። ሁሉን ታስታውሳለች። ባሏን በስልክ ብትጠይቀው «አባትሽ ያሉት ይሁን፤ ከአማት ጋር አልጣላም» አላት። ሐሙስ ሄዳ መርፌውንና ሌላውን ጠብታ አስሰጥታ፣ የተቅማጡን ትታ ተመለሰች።

ነሐሴ እንደ ገባ ሀምዛ ባጃጁን ደጅ ላይ አቁሞ በመስኮቱ ብቅ አለ። አርባ ዓመት ያለፈው፣ የስድስት ልጆች አባት ነው፤ አፉ ግን አላረጀም።

«ጋሽ ተድላ! ዶሮ የሌላት የዶሮ ቅርጫት ደንበኛ አመጣሁልህ!»

ተከትላው የመጣችው ሴት ፀደንያ ትባላለች። ከደብረ ብርሃን ተመድባ የመጣች፣ በዩኒቨርሲቲው ባዮሎጂ የምታስተምር ናት። ገበያ ውስጥ አንዲት ገበሬ ዶሮ የያዘችበትን ቅርጫት አይታ፣ ሠሪውን ስትጠይቅ ሀምዛ ላይ ደረሰች።

«ኳስ እንዲሠሩልኝ ነው» አለች። «በዚሁ በቅርጫትዎ ጥልፍ። ሁለት እጅ የሚያቅፈው ኳስ።»

«ምን ይያዝበታል?»

«ምንም። ማስተማሪያ ነው። ምስሉን በኮምፒዩተር አሳያለሁ፤ ግን መብራት ሲሄድ ትምህርቱም አብሮ ይሄዳል። ተማሪዎቼ በእጃቸው የሚይዙት ነገር እፈልጋለሁ።» ትንሽ ፈገግ አለች። «የቫይረስ ቅርጽ ነው።»

«በስመ አብ በል፣ ጋሽ ተድላ» አለ ሀምዛ። «እኔ ሙስሊሙ ልንገርህ እንግዲህ። ቫይረስ በቅርጫት ይሸጥ ጀመር።»

«የምን ቫይረስ?» አለ ተድላ።

«ሮታ ይባላል። ሕፃናትን ክፉ ተቅማጥ የሚያስይዝ ነው።»

በሚቀጥለው ክፍል አልጋነሽ የምትለቅመው የኮረሪማ ድምፅ ቆመ። ተድላ ሰማው። እንቢ ሊል አፉን ከፈተና ሌላ ቃል ወጣው። «መልኩ ይታወቃል?»

«በደንብ።»

«ምን ያህላል?»

«አሥር ሺህ ያህሉ ቢሰለፉ የአንዲት ጤፍ ወርድ ነው። በዓይን አይታይም። እጅግ አቀዝቅዘው፣ በትልቅ የኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ብዙ ሺህ ጊዜ ፎቶ ያነሡታል። ከዚያ ፎቶዎቹን ደራርበው ቅርጹን ያወጡታል።»

ተድላ ቢላዋውን በአውራ ጣቱ ዳሰሰ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ጠብታውን ሲጠላ ኖሯል፤ ሰዎች ‹ልጁን የገደለው በሽታው ነው› የሚሉትን ግን አንድም ቀን መልክ ያለው ነገር ነው ብሎ አስቦት አያውቅም። መልክ ካለው አየዋለሁ አለ በልቡ።

«እሠራዋለሁ» አላት።

ሥራው ቀላል መስሎት ነበር። በስድስት ጎን ጀመረና ጠለፈ። በቅርጫት ሥራ ወገቡ ላይ ሲደርስ በእንፋሎት አለስልሶ ያጥፈዋል፤ አፉንም በዙሪያ ጥምጥም ያስረዋል። ኳስ ግን ወገብም አፍም የለውም። ስድስት ጎን በስድስት ጎን ላይ ሲቀጥል ሥራው እንደ ሰሌን ምንጣፍ ተዘርግቶ ቀረ። ትንሽ ልቀጥልበት፣ ይዞር ይሆናል አለ። አልዞረም። በሳምንቱ ግድግዳው ጋር ደረሰ፤ በሁለተኛው ሳምንት በሩን ዘጋው። በእንፋሎት ሊያጥፈው ሲሞክር ተሰበረ። ጫፍና ጫፉን በግድ አገናኝቶ ሲያስረው ገመዱ በጥሶ ፊቱን ገረፈው። ውጪ ዝናቡ አላባራ ብሏል። ተራራው ከጠፋ አምስት ቀን ሆኖታል። ተድላ በመሐል አጎዛው ላይ፣ ዙሪያውን በራሱ ጥልፍ ተከቦ ተቀምጧል።

«ምሳህን በየት ላቀብልህ?» አለች አልጋነሽ ከበሩ። «በመስኮት ልዙር?»

«ዙሪ።»

ሀምዛ ቀርከሃ ሊያወርድ መጥቶ በመስኮቱ አየና ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። «ጋሽ ተድላ፣ ዶሮ ሆንክ እኮ! ሠርተህ ሠርተህ ራስህን አስገብተህ ዘጋኸው። ቅዳሜ ገበያ ላውርድህ?»

ተድላም ሳቀ። ሀምዛ ሲሄድ ግን ሳቁ ፊቱ ላይ ደርቆ ቀረ። ሁለት እጁን በጥልፉ ዓይኖች ውስጥ ሰድዶ እንደ እስረኛ ጨበጠው። ‹ጌታ ሆይ፣ እግሬን ወሰድክ፣ አልጠየቅሁህም። እጄን ግን እንዲህ አታሳፍረው› አለ።

አንድ ነገር ግን አስተውሎ ነበር። በንዴት ሲጎትት ሁለት ቦታ ላይ ዓይኑ አምስት ጎን ሆኖበታል። እዚያ ቦታ ላይ ምንጣፉ እንደሚቦካ ሊጥ ብድግ ብሎ አበጠ። ተድላ አባቱ እንደሚያዩት ሁሉ ደንግጦ ወዲያው ፈታው፤ ስድስት አድርጎ መለሰው። ምንጣፉም ተመልሶ ተኛ።

ፀደንያ ስትመጣ ባትሪው የተሞላ ኮምፒዩተር ይዛ ነበር። ክፍሉን አይታ አፏን በእጇ ያዘች። «ይቅርታ ጋሽ ተድላ! እኔ ነኝ ያጠፋሁት። ምስሉን ያን ቀን ማሳየት ነበረብኝ። እርስዎ ሲጠልፉ አይቼ ያውቁታል ብዬ...»

በመስኮት ኮምፒዩተሩን አቀበለችው። ኳሱ በስክሪኑ ላይ ቀስ እያለ ዞረ። ተድላ በባለሙያ ዓይን አየው፤ ከዓይን ወደ ዓይን፣ ከጥልፍ ወደ ጥልፍ። ሥራው ያምራል። እንዲህ የሚያምር ነገር አይጠብቅም ነበር። ድንገት ጣቱ አንድ ቦታ ላይ ቆመ።

«ይቺ ተበላሽታለች።»

«የቷ?»

«ይቺ። አምስት ጎን ናት።»

«አልተበላሸችም። እንደዚያው ናት።»

«ጎዶሎ ናት እኮ ልጄ!»

«አሥራ ሁለት አሉ» አለች ፀደንያ። «ሁሉም መቶ ሠላሳ ሁለት ዓይን ነው። መቶ ሃያው ስድስት ጎን፣ አሥራ ሁለቱ አምስት። አሥራ ሁለቱ ባይኖሩ አይዘጋም። የቫይረሱ ብቻ አይደለም፤ የማንም ሰው ሥራ ቢሆን፣ በስድስት ጎን ብቻ ኳስ አይዘጋም። በመካከላቸው ያሉትን ትንንሽ ሦስት ማዕዘኖች ያዩዋቸዋል? እርስዎ ቅርጫት ላይም አሉ። ቫይረሱ ላይ ፕሮቲኖቹ ሦስት ሦስት እየሆኑ የሚቀመጡት እዚያ ነው። ገበያ ላይ ሳየው የገረመኝም እሱ ነው።»

ተድላ የጎዶሎዋን ዓይን ጎኖች በጣቱ እየነካ ቆጠረ። «ማን አስተማረው?»

«ማንን?»

«ይሄንን። ጎዶሎዋን የት የት እንደሚያስቀምጣት።»

ፀደንያ አሰበች። «እኔ እንጃ። እርስዎ ማን ይላሉ?»

«እኔ የምለውን ታውቂዋለሽ። ለምን እንደ ሠራው ነው የማላውቀው።»

ከአንዷ ጎዶሎ ዓይን ወደ ሌላዋ መሄጃውን አሳየችው፤ ሦስት ዓይን ቀጥ፣ ከዚያ አንድ ወደ ግራ። ተድላ እንደ ጸሎት በቃሉ ያዘው። በማግስቱ ምንጣፉን ቆራርጦ ለማገዶ ሰጠና እንደገና ጀመረ። የመጀመሪያዋን አምስት ጎን ሲሠራ እጁ እንቢ አለው። ልጅ ሳለ ያስለቀሰችውን፣ ዕድሜውን ሙሉ ሲፈታት የኖረችውን ዓይን አሁን አውቆ ሊሠራት ነው። አጠበቃት። ጥልፉ በዙሪያዋ እንደ ጽዋ ተነሣ። ሦስት ቀጥ፣ አንድ ወደ ግራ፤ ሌላዋን ሠራ። በነሐሴ መጨረሻ ሕፃኗ ክርስትና ስትነሣ ሁሉም በዝናብ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄዱና እሱ ብቻውን ቀረ። ሲመለሱ ሰባተኛዋን ጨርሶ አገኙት። አሥራ አንደኛዋ ላይ ሲደርስ ሥራው ኳስ ሆነ፤ እጁ የሚገባባት አንዲት ቀዳዳ ብቻ ቀረች።

ጳጉሜን ውስጥ ፀደንያ ልታየው መጣች። በየጎዶሎዋ ዓይን ዙሪያ ባሉት አምስት አምስት ዓይኖች ላይ ቀንድ እንዲተክል ነገረችው፤ ሁሉም ስድሳ ይሆናሉ። ተድላ ቀንዶቹን እያሾለ ጠየቃት፤ እሷም እያቀበለችው ነገረችው። ይህ የላይኞቹ ሁለት ልብሶች ነው፤ ከውስጡ ሌላ አለ፣ የቫይረሱ ዘር እዚያ ተቋጥሯል። ቀንዱ ብቻውን ደነዝ ነው፤ ሆድ ገብቶ ምግብ የሚፈጨው ኢንዛይም ሲቆርጠው ነው የሚሳለው።

«በእኛው መቀስ?»

«በእኛው።»

«ክፉ ነው።» ቀንዱን ተከለ። «ጠብታውስ?»

«ጠብታው ያው ቫይረስ ነው፤ ግን የደከመ። ሰውነት እሱን አይቶ ቅርጹን ያጠናል። ለየቀንዱ መክደኛ ይሠራል። እውነተኛው ሲመጣ ቀንዱ ተሸፍኖ አንጀት ላይ መያዝ ያቅተዋል። ሁሉንም ልጅ አያድንም፤ ብዙውን ግን ያድናል። ሁሉንም ተቅማጥም አይከላከልም፤ የዚህን ብቻ ነው።»

«የሚገድለውስ በምኑ ነው?»

ፀደንያ እንደ ክፍል ውስጥ ጥያቄ መለሰችለት። «አንጀት ከገባ በኋላ አንድ ፕሮቲን ይለቃል። ትንሽ ነገር ናት፤ የአንጀቱን በር ክፈት፣ ውሃውን ልቀቅ የምትል። ልጁ ከውስጡ ይደርቃል። ለቫይረሱ መድኃኒት የለውም፤ የወጣውን መተካት ነው። ጡት ማጥባት፣ ለምለም የሚባለውን የጨውና የስኳር ዱቄት በንጹሕ ውሃ በጥብጦ መስጠት። የሚጠጣ ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ይተርፋል።»

«ባይጠጣስ?»

«እንዴት ባይጠጣ?»

«ጡት ቢከለከል። ሆዱ እንዲደርቅ ተብሎ።»

«ያማ መግደል ነው፣ ጋሽ ተ...» ፊቱን አይታ ቃሏን ዋጠች።

አልጋነሽ ሰፌዷን ይዛ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ሰፌዱን መሬት ላይ አስቀመጠችና ወደ ጓሮ ወጣች። ለብዙ ጊዜ አልተመለሰችም።

ከዚያ ቀን በኋላ ተድላ ቀርከሃ አልነካም። አሥራ ሁለተኛዋ ዓይን ክፍት እንደ ሆነች ቀረች። አዲሱ ዓመት ገባ፤ ዝናቡ ቀለል አለ፤ ተራራው ተመልሶ መጣ። እሱ ግን መስኮቱን ጀርባ ሰጠው። ነገሩን በየትኛውም በኩል ቢይዘው መውጫ አጣለት። ጠብታው ጥፋተኛ ከሆነ እሱ ነፃ ነው፤ ግን ሕፃኗ ያለ መክደኛ ትቀራለች። ጠብታው ነፃ ከወጣ ሳሙኤልን በጥም የገደለው ማን ነው? አሥራ አንድ ዓመት ሚስቱን ያሰረበት ገመድ ሌላው ጫፉ በራሱ አንገት ላይ ነበር። ጸሎት ሲጀምር ‹ይቅር በለን› የሚለው ላይ ይቆማል፤ አያልፈውም።

መስከረም አጋማሽ ሙሉብርሃን በደጅ ስታልፍ አብርሆትን ጠራቻት። «ነገ ሐሙስ ነው። የመጨረሻዋ ናት፤ በሚቀጥለው ሐሙስ ዕድሜዋ አልፏል።» አብርሆት ፊቷን አዙራ ተመለሰች። ገብታ ሕፃኗን ታቅፋ ግድግዳውን ተደግፋ ተቀመጠች። ማልቀሷን ተድላ በግድግዳው በኩል ሰማው።

አልጋነሽ ከገበያ ተመልሳ ነጠላዋን ስታጥፍ ተድላ «ነይ እስቲ ቁጭ በይ» አላት።

ተቀመጠች።

«ጡት አታጥቢው ያልኩሽ እኔ ነኝ።»

ውጪ አንድ ባጃጅ አለፈ። አልጋነሽ ነጠላዋን ጭኗ ላይ አጥፋ ጨረሰች።

«አውቃለሁ» አለች።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከስምንት ዓመት በፊት ጤና ጣቢያ ሴቶችን ሰብስበው ሲያስተምሩን። ፊት ለፊት ተቀምጬ ነበር። ሰማሁት።»

«ስምንት ዓመት! እና ምነው አልነገርሽኝ?»

«ገና መውደቅህ ነበር። ሁለተኛ ልጣልህ?»

ተድላ ሁለት እጁን ፊቱ ላይ አደረገ። አልጋነሽ አልነካችውም፤ አልሄደችምም።

«ደግሞስ ጡቱ የማን ነበር?» አለች ቆይታ። ድምጿ ዝቅ ብሏል። «ቀሚሴን እያራሰው፣ እሱ በከንፈሩ እየፈለገኝ፣ ታዝዤ ከለከልኩት። አንተ ተናገርክ፤ እኔ አደረግሁት። ለሌላ ሰው የምናወርሰው አይደለም።»

«አንቺ ነሽ የወሰድሽው ያልኩሽ...» ቃሉ ተሰበረበት። «ይቅር በይኝ፣ አልጌ።»

አልጋነሽ ተነሣች። በሩ ላይ ደርሳ ዞር አለች። «ነገ ሐሙስ ነው» አለች።

«ለሀምዛ ደውዪለት» አለ ተድላ። «እኔም እሄዳለሁ።»

ሀምዛ አዝሎት ወደ ባጃጁ ሲያስገባው «ቅዳሜ ነበር የተባባልነው፤ በሐሙስ ዶሮ አይሸጥም» ብሎ ቀለደ፤ ማንም ግን አልሳቀለትም። ተድላ ጤና ጣቢያው ድረስ የሚያልፈውን ሁሉ አየ፤ አዲስ የተሠራ ፎቅ፣ የተቆረጠ ዛፍ፣ የማያውቃቸው ሰዎች። ሕፃኗን ራሱ አቀፋት። ሙሉብርሃን ጠብታውን በጉንጯ በኩል ስታንቆረቁርላት ሕፃኗ ፊቷን አኮሳተረች፤ ከዚያ ከንፈሯን ላሰች።

«ጣፋጭ ነው፤ ይወዱታል» አለች ሙሉብርሃን።

ተድላ ግን ቀን መቁጠር ጀመረ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ስምንተኛው ቀን ጠዋት አብርሆት በሩ ላይ ቆመች። ሕፃኗ እቅፏ ላይ ናት፤ የአብርሆት ከንፈር ነጭ ሆኗል።

«አባዬ። ተቅማጥ ይዟታል። ሦስት ጊዜ።»

አልጋነሽ ከጓሮ ሮጣ መጣች። ሁለቱም ሴቶች እሱን አዩት። ያ ቀን፣ ያ ቤት፣ ያው ፊቶች።  በአንዲት ቅጽበት አሥራ አንድ ዓመት ምንም እንዳላለፈ ሆነ፤ ተድላን ያው ቃል ምላሱ ላይ መጥቶ የተቀመጠ መሰለው።

«አጥቢያት!» አለ። ድምፁ እስከ ሱቁ ድረስ ተሰማ። «ምን ትጠብቂያለሽ? ጡትሽን ስጫት! ብታወጣውም ደግሚላት። አልጋነሽ፣ ሙሉብርሃንን ጥሪ፤ ለምለም ይዛ ትምጣ። ልጅቷን እዚህ አጠገቤ አምጧት፤ እኔ እቆጥራለሁ።»

ሙሉብርሃን መጣች። ጠብታው የሁሉ ተቅማጥ ጠባቂ እንዳልሆነ፣ ሕፃኗ እስከጠባች ድረስ ተስፋ እንዳለ፣ ዓይኗ ከጎደጎደ ወይም መጥባት ካቆመች ግን ደቂቃ እንዳይቆዩ ነገረቻቸው። ለምለሙን በጥብጣ እንዴት በማንኪያ እንደሚሰጣት አሳየች። ሁለት ቀን ተድላ ከሕፃኗ ሌላ ወዴትም አላየም። ስንት ጊዜ ጠባች፣ ስንት ጊዜ ሸናች፤ በጣቱ ይቆጥራል። አብርሆት ስትደክም ማንኪያውን እሱ ይዞ ጠብ ጠብ ያደርግላታል። አንዴ ዓይኗን ገልጣ የማንኪያውን ጫፍ በድድዋ ያዘችና አልለቅም አለች።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ቤቱን ያስነሣው ለቅሶ የረሃብ ለቅሶ ነበር፤ ቁጡ፣ ጤነኛ። አልጋነሽ «እሰይ! እሰይ! ጩኺ!» እያለች ስትስቅ ተድላ ሰማት። እንዲህ ስትስቅ ከሰማ ስንት ዓመት እንደ ሆነው ለመቁጠር ሞከረና ተወው። ፊቱን ወደ ደወሉ አዞረ። ጸሎቱን ጀመረ፤ የሚቆምበት ቦታ ላይ ደረሰ፤ አለፈው።

ከሰዓት በኋላ ኳሱን ከጥግ እንድታቀብለው አልጋነሽን ጠየቃት። ፀደንያ ተማሪዎቿ ሊገቡ ነውና ነገ እወስደዋለሁ ብላለች። አሥራ ሁለተኛዋን ዓይን ለመዝጋት አንድ እጅ ከውስጥ፣ ሁለት እጅ ከውጪ ያስፈልጋል።

«ጫፏን ያዢልኝ።»

አልጋነሽ በትዳራቸው ዘመን የእሱን ሥራ ነክታ አታውቅም። ቁጢጥ ብላ የቀርከሃውን ጫፍ ያዘች።

«ይቺ አምስት ጎን ናት እኮ» አለች አተኩራ አይታ። «አባትህ ቢያዩህ?»

«ያስፈቱኝ ነበር። ሳቢ። ቀስ በይ፣ ይሰበራል!»

«አንተ ቀስ በል» አለች፣ ሳትለቅ።